ኡስኩት የምትባለው ኤሊ

ብዙነሽ ተነስታ መናገር ስትጀምር እኔ ሳምቡሳዬን እያኘክሁ ነበር። የእኛ የጡረተኞች ስብስብ እዚህ ስዊድን፣ ሪንከቢ የሚባል ሰፈር አዳራሽ ተከራይቶ በወር አንድ ቀን ይገናኛል፤ ስማችን ማኅበር ነው እንጂ ሥራችን መብላትና ስለ ጉልበታችን ማውራት ነው። የዚያን ቀን ሰብሳቢያችን «እስቲ ዛሬ በሽታውን እንተወውና እያንዳንዳችሁ በሕይወታችሁ ካያችሁት ቀን ሁሉ በጣም ደስ ያላችሁን ንገሩን» አለ። አንዱ የተመረቀበትን ቀን አወራ። አንዷ ልጇ እዚህ ኤርፖርት የደረሰችበትን ቀን አወራች፣ አለቀሰችም። ከዚያ ብዙነሽ ባለ ጎማ መደገፊያዋን፣ ሮላቶሯን፣ ተደግፋ ቆመች። ብዙነሽ የአርባ ምናምን ዓመት ጓደኛዬ ናት፤ አሰብ አብረን አስተምረናል፣ አንድ ክፍል ተጋርተን ኖረናል፣ ሳገባ ሚዜዬ ነበረች። ምን ልትል ይሆን ብዬ ስጠብቅ፣ «እኔ እንግዲህ በወጣትነቴ አሰብ ሳለሁ፣ አንድ ሰው በጀልባ ኤሊ ከባሕር ወጥታ እንቁላል ወደምትጥልበት ዳርቻ ወስዶኝ ነበር» ብላ ጀመረች።

ሳምቡሳዬን አስቀመጥኩት። ያ ቀን የእኔ ነው። ያ ሰው ደግሞ ባሌ ነው፤ ታምራት፣ ነፍሱን ይማረውና። መጀመሪያ እንኳ ሳቄ ነበር የመጣው። ሰው ሲያረጅ የራሱና የሌላው ወሬ ይምታታበታል፤ እኔም አንዳንዴ ቴሌቪዥን ላይ ያየሁትን ጎረቤቴ የነገረችኝ ይመስለኛል። የኤሊዋንም ነገር ያኔውኑ ለብዙነሽ የነገርኳት እኔው ነኝ፤ አፌ መች ያርፋል። እሷ ግን ቀጠለች። ጎህ ሲቀድ መድረሳቸውን፣ አሸዋው ላይ ሰው የረገጠበት ምልክት አለመኖሩን፣ «ጀርባዬን ሰጥቼ ተቀምጬ ኤሊዋ ስትቆፍር የአሸዋውን ድምፅ ብቻ እሰማ ነበር» እያለች አንድ በአንድ አወራችና፣ መጨረሻ ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሰው ኡስኩት እያለ ነበር የሚጠራኝ» አለች። አዳራሹ በሙሉ «ውይ» አለ። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት «ፍቅር እኮ ድሮ ቀረ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ኤሊዋ ለስንቱ አውርቻለሁ፤ ያቺን ስም ግን ለማንም ተንፍሼ አላውቅም። ኡስኩት የምትለዋን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዷ እኔ ነኝ፣ ሌላው ሞቷል።

እንዴት አድርጌ ብሬዴንግ ቤቴ እንደደረስኩ አላውቅም። በነጋታው ልጄ ሊያ ደወለች። ሊያ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በስዊድንኛ ነው። ብዙነሽ የአባትሽንና የእኔን ታሪክ ሰረቀችኝ ብላት፣ «ሜን ማማ»፣ ግን እኮ እማዬ፣ አለችኝ፣ እኔን ደስ ለማሰኘት ስትፈልግ እንደምታደርገው ድምጿን አለስልሳ፣ «የኤሊዋ ታሪክ እኮ የእቴቴ ብዙነሽ ነው፤ የልጆቼ ልደት ላይ ነግራቸው፣ እስካሁን ስለሱ ነው የሚያወሩት።» ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚሉት ይኸው ነው። በገዛ የልጅ ልጆቼ ፊት ቀኔን ቀምታኝ ነበር፣ እኔ ደግሞ ኬኩን እየቆረስኩ ነበር መሰለኝ። ስልኩን ዘጋሁና ያንን ሳምንት ሙሉ በሐሳቤ ወደ ኋላ ስሄድ ከረምኩ።

እንግዲህ አሰብን የማያውቅ ሰው ሙቀት ምን እንደሆነ አያውቅም። ያኔ ወደዚያ ለመሄድ ከአውቶቡስ ትኬት በቀር ምንም የማይጠየቅበት ዘመን ነበር፤ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ እናቴ እንደሞተ ሰው አለቀሰችልኝ፣ እኔ ግን የበረሃ አበል አለው ሲሉኝ ልቤ ጮቤ ረገጠ። ከብዙነሽ ጋር ካምፖ ሱዳን የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራየን። ክፍሉ ዕቃ ማስቀመጫ ነበር እንጂ ማንም ሰው ውስጥ አይተኛም፤ ሲመሽ አልጋውን ግቢ አውጥተን፣ አንሶላውን ውኃ ነክረን እሱን ለብሰን ነበር የምንተኛው። ዓሣ በስሙኒ ትገዛና ለየመኖቹ ትሰጣቸዋለህ፣ እነሱ ለሁለት ሰንጥቀው ምድጃቸው ውስጥ ጠብሰው፣ ከፊትህ የሚሰፋ ቂጣ ጨምረው ያመጡልሃል። በረዶ በጆንያ ተጠቅልሎ ነበር የሚሸጠው፤ ከሱቅ ቤት እስክንደርስ እኩሌታው ቀሚሳችን ላይ ቀልጦ ያልቃል፣ እሱም ደስ ይላል። መርከብ በገባ ማግስት ገበያው ላይ የማታየው ጨርቅ የለም። እኔ ቢጫ አጭር ቀሚስ ነበረችኝ፣ ብዙነሽ ደግሞ ሰማያዊ አበባ ያለባት፤ እየተዋዋስን ስንለብሳቸው የትኛዋ የማን እንደሆነች ተማሪዎቻችን እንኳ ይጠፋቸው ነበር።

ከዋናው መንገድ ወደ ወደቡ ሲታጠፍ ማዕዘኑ ላይ አንድ የየመን ሻይ ቤት ነበር። ባለቤቱ ሸክላ ማጫወቻ ነበረው፤ ሸክላዎቹ በሙቀቱ ጎባብጠው ዘፋኙ መሐል ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወላገድና ሰካራም ይሆናል። እኛም ዘፈኖቹን የለመድናቸው እንደዚያው ተወላግደው ነው፤ በኋላ አዲስ አበባ በደህና ሸክላ ስሰማቸው የሆነ ነገር የጎደላቸው መሰለኝ። ታምራትን ያየሁት እዚያ ነው። ወደቡ ላይ የጭነት ተቆጣጣሪ ነበር። ቤል ቦቶም ሱሪ፣ ደረቱ ድረስ የወረደ ኮሌታ፣ አፍሮው ውስጥ የተሰካ ማበጠሪያ፤ አሁን ፎቶውን ሳየው ይስቀኛል፣ ያኔ ግን አላሳቀኝም። ዓረብኛ አውቃለሁ ባይ ነበር። የሚያውቀው ሻይና ስኳር ማዘዝ ነው፣ ግን እንደሚያውቅ ሆኖ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

አንድ ቅዳሜ «ማንም ያላየውን ቦታ ላሳይሽ» አለኝ። ኢብራሂም የሚባሉ አፋር ሽማግሌ ነበሩ፤ በጀልባቸው ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ከታምራት ጋር ይዋደዳሉ። ሳይነጋ ተነሳን። የወደቡ መብራት ከኋላችን እያነሰ ሄዶ ጠፋ፣ ከዚያ ባሕርና ሸራው ብቻ። ጎህ ሲቀድ የደረስንበት ዳርቻ ስም የለውም፤ ብጠይቃቸውም ኢብራሂም እጃቸውን አወዛወዙና ተዉት። ነጭ አሸዋ ነው፣ ቤት የለ፣ የእሳት አመድ የለ፣ የእግር ዱካ የለ። አሸዋው ላይ ግን ትራክተር ያለፈበት የሚመስል ሰፊ መስመር ከውኃው ወጥቶ ወደ ቁጥቋጦው ሄዷል። እዚህ ትራክተር ምን ይሠራል ብዬ ልጠይቅ አፌን ስከፍት፣ ሽማግሌው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው በመስመሩ ጫፍ ያለውን ጥቁር ነገር አሳዩንና «ኡስኩት» አሉ። ኤሊ ነበረች፤ ጠረጴዛ የምታክል። ወደ ታምራት ጠጋ ብዬ «ስሟ ኡስኩት ነው እንዴ?» አልኩት በሹክሹክታ። «አዎ፣ በነሱ ቋንቋ ኤሊ ማለት ነው» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። ከዚያማ ኡስኩቷ እንዲህ አደረገች፣ ኡስኩቷ እንዲያ አደረገች እያልኩ መንሾካሾክ ጀመርኩ፤ ባወራሁ ቁጥር ሽማግሌው ዞረው «ኡስኩት፣ ኡስኩት» ይላሉ፣ እኔም እሳቸው ኤሊዋን እያሳዩኝ መስሎኝ «አየኋት አባቴ» እላለሁ።

አንድ ነገር አደረጉ፣ እሱን እስክሞት አልረሳውም። ኤሊዋ በኋላ እግሮቿ ጉድጓዱን ቆፍራ ስትጨርስ፣ ኢብራሂም ፊታቸውን ወደ ባሕሩ አዞሩና ታምራትንም ትከሻውን ይዘው አዞሩት። በአማርኛም በዓረብኛም ቀላቅለው፣ የምትወልድን ወንድ አያይም አሉ። እኔን ግን በእጃቸው እያመለከቱ አንቺ ተመልከቺ አሉኝ፤ ሴት ነሻ። እኔ ብቻ ነኝ ያየሁት። እንቁላሎቹ ክብ ነበሩ፣ ነጭ፣ እርጥብ፤ ሁለት ሁለት እያሉ ይወርዳሉ፣ ከኤሊዋ ዓይን ውኃ ይፈሳል። ታምራት ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ፣ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ ጣቶቼን ይዞ፣ «አሁንስ? አሁንስ ምን ሆነች?» ይለኛል፣ እኔ እነግረዋለሁ። ኤሊዋ ጉድጓዱን ደፍና እየተጎተተች ውኃው ውስጥ ገባች፣ አንዴም ዞራ አላየችም። ስንመለስ ያቺን ቢጫ ቀሚስ ጨው በልቷት እንደ ቆርቆሮ ደርቃ ነበር። በሳምንቱ ሻይ ቤቱ ውስጥ ለየመኑ «ኡስኩት ሥጋዋ ይበላል?» ብዬ ብጠይቀው ሰውየው ሳቁን መያዝ አቅቶት ሻዩን ደፋ። ኡስኩት ማለት ለካ በዓረብኛ ዝም በይ ማለት ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ሽማግሌው ዝም በይ፣ ታስደነግጫታለሽ፣ ሳትወልድ ትመለሳለች እያሉኝ ነበር። ታምራት እስኪያለቅስ ሳቀ፣ ከዚያ ወዲህ ስሜ ጠፋ። ሰው ፊት ሮማን ነኝ፤ በራችንን ስንዘጋ ኡስኩት። ወሬ ሳበዛ ኡስኩት፣ ሲናፍቀኝ ኡስኩት። ለብዙነሽ የኤሊዋን ነገር ስነግራት ይህቺን ግን አፍሬ ዋጥኳት፤ የመኝታ ቤት ስም በአደባባይ አይወራም።

አሁን እዚህ ብሬዴንግ በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ የተዘጋ በር ሁሉ እየከፈትኩ ፈተሽኩ። ሊያን ለመውለድ አዲስ አበባ እናቴ ጋ ሄጄ ነበር፤ ያኔ ታምራትና ብዙነሽ አሰብ ነበሩ። «ብዙነሽ ወጥ እየሠራች ትልክልኛለች፣ አታስቢ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ያኔ ተመስገን ነበር ያልኩት። የሰማያዊዋ ቀሚስ ነገርስ? ድንገት አልለብሳትም ብላ ለእኔ ሰጠችኝ፤ ለምን? ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ እያልኩ ብቻዬን እጮሃለሁ፣ ፈረሱ ማን እንደሆነ ግን አላወቅሁም፤ እሷ ትሁን እሱ። ከታምራት ጋር ተኮራርፈን አናውቅም አልልም። አንድ ያልጨረስነው ነገር ነበረን። እዚህ አገር ያመጣኝ እሱ ነው፤ «ለሁለት ዓመት ብቻ» ብሎ። ሁለቱ ዓመት ተራዘመ፣ እናቴ ሞተች፣ ሬሳዋን አላየሁም። እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር እንደ ዋዛ «ተቀይመሽኛል?» ይለኛል፣ እኔም «ተወኝ እስቲ» ብዬ ወደ ማድቤት እገባለሁ። ቢሆንም ያ ዳርቻ ነበረን። ልቤ በእሱ በገነፈለ ቁጥር ያንን ጠዋት አወጣና አየዋለሁ፣ ወደ ኋላ የተዘረጋች እጁን አያታለሁ፣ ይበርድልኛል። ብዙነሽንም ወስዷት ከነበረ ግን በምን ልበርድ ነው? እሱን ማወቅ ነበረብኝ።

ቬሊንግቢ፣ ብዙነሽ ቤት ሄድኩ። ዋናው ጣቢያ ቴ-ሴንትራለን ላይ ባቡር ስቀይር የምናገረውን አሥር ዓይነት አድርጌ አዘጋጅቼ ነበር፣ በሩን ስትከፍትልኝ ሁሉም ጠፋኝ። ብዙነሽ አላገባችም፣ አልወለደችም፤ ቤቷ ንጹሕ ነው፣ ግድግዳዋ ላይ ያሉት ፎቶዎች የእኔ ልጅና የእኔ የልጅ ልጆች ናቸው። ከእኔ በዕድሜ ትበልጣለች፣ እግሯ አልታዘዝ ካላት ቆይቷል። ሻይ ልታፈላ ስትነሳ «ተቀመጪ» አልኳት።

«ታምራት ያንን ባሕር ዳር ወስዶሻል?»

«ማንን? እኔን?» አለች።

«ማኅበሩ ፊት ያወራሽው እኮ ነው።»

«ወይ ሮሚ፣ እሱ ለጨዋታ ነዋ። ሁሉም ሲያወራ እኔ ምን ላውራ? አንቺ የነገርሽኝን ነው ያወራሁት።»

«ኡስኩት የምትለዋንም እኔ ነገርኩሽ?»

ሮላቶሯን ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። «ነግረሽኝ ይሆናላ፣ አንቺ ምን የማትነግሪኝ ነገር አለ» አለች ቀስ ብላ።

«እሺ፣ ከነበርሽ ንገሪኝ። እንቁላሎቹ ሲወርዱ ምን ይመስሉ ነበር?»

«ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር አልኩ እኮ።»

«ለምን?»

«ሽማግሌው ዙሩ አሉና።»

«ዙሩ ያሉት ወንድን ነው» አልኳት። «ሴት ማየት ይፈቀድላታል። እኔ አይቻለሁ። ጀርባውን የሰጠው ታምራት ነው።»

ይህንን አላወቀችም ነበር። ፊቷ ላይ አየሁት፣ ቀለሙ ተገፈፈ። እኔም እዚያው ቆሜ ሁለት ነገር ባንድ ላይ ገባኝ። ብዙነሽ እዚያ ዳርቻ ረግጣ አታውቅም፤ ያወራችው ቀን ደግሞ እኔ የነገርኳት ቀን አይደለም። ታምራት በጀርባው የሰማው ቀን ነው። ከእሱ አፍ ነው የወሰደችው። ሳምንት ሙሉ ደረቴ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ወርዶ ሌላ ተተካበት። «መቼ ነገረሽ?» አልኳት።

«ሆስፒታል» አለች።

ታምራት ታሞ በተኛበት በመጨረሻው ወር እኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ሄምቼንስት፣ በየቤቱ እየዞርኩ የሰው ሽማግሌ አጥባለሁ፣ መድኃኒት አስውጣለሁ። ፈረቃዬ ከሰዓት በኋላ ነበር። ብዙነሽ ጡረታ ወጥታ ስለነበር እኔ እስክመጣ አጠገቡ ትቀመጥልኝ ነበር። ውለታዋን በየአጋጣሚው አወራ ነበር፣ እግዜር ያውቃል። እኔ ስደርስ ሁልጊዜ ተኝቶ ነው የማገኘው፤ «አሁን ነው የተኛው፣ አትቀስቅሺው» ትለኛለች።

«መድኃኒቱ ጭንቅላቱን ሲይዘው እኔን አንቺ ያደርገኝ ጀመር» አለች፣ ወለሉን እያየች። «የመጀመሪያ ቀን ብዙነሽ ነኝ አልኩት። ደነገጠ፣ ሮማን የት ሄደች ብሎ ከአልጋው ሊወርድ ሆነ። በማግስቱ ኡስኩት ሲለኝ አቤት አልኩት። ምን ማለት እንደሆነ እንኳ አላውቅም ነበር። አቤት ስለው ተረጋጋ። ከዚያ በየቀኑ ስለዚያ ባሕር ዳር ያወራኛል። እጄን ይዞ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ሞተ። ከሞተ በኋላ ደግሞ ልነግርሽ ስል…» እንባዋ ወረደ። «ሮሚ፣ እኔን በሕይወቴ እንደዚያ አድርጎ የጠራኝ ሰው የለም። የአንቺ መሆኑን አውቃለሁ። ግን ጆሮዬ ውስጥ ገባ። አንድ ቀን ለልጆቹ ሳወራው በእኔ ስም ወጣ፣ ደስ አለኝ፣ ከዚያ በኋላ መመለስ አልቻልኩም።»

ሰው ሲያለቅስ አንጀቴ አይችልም፣ የእሷ ሲሆን ግን ቻለ። ለእኔ የተባለውን ሁሉ ቁጭ ብላ በልታዋለች፣ እኔ በር ላይ ኮቴን ሳወልቅ «አሁን ተኛ» እያለች። አደራ በላ የሚባል ሰው ወሬውን እሰማ ነበር እንጂ አይቼ አላውቅም ነበር። «ሌላ ምን አለ?» አልኳት። «ሁሉንም ንገሪኝ።»

«ሌላው እንኳ…» አለች። «በመጨረሻዎቹ ቀናት አንድ ነገር ጠየቀኝ።»

«ማንን ጠየቀ?»

«አንቺን» አለች። «"ከእናትሽ ነጥዬ እዚህ አምጥቼሻለሁ፣ ተቀይመሽኛል?" አለሽ።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ። ያ የእንቁጣጣሹ ጥያቄ ነው። ዕድሜውን ሙሉ እንደ ዋዛ የጠየቀኝን፣ ዋዛ እንዳልነበረ ሁለታችንም የምናውቀውን ጥያቄ ሳልመልስለት የሄደ ነበር የሚመስለኝ። ቀብሩ ላይ ያንገበገበኝ እሱ ነበር።

«እና እኔ ምን ብዬ መለስኩለት?» አልኳት።

የነጠላዋን ጫፍ ዓይኗ ላይ አደረገች። «"አልተቀየምኩህም፣ ከአንተ ጋር የኖርኩት ሁሉ ደስ ብሎኝ ነው" አልሽው።»

«እሱስ?»

«እጄን ሳመውና እፎይ አለ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።»

ነርሷ በሰላም ነው የሄደው ስትለኝ እግዚአብሔር ነው ያረጋጋው ብዬ ነበር። እኔ ብሆን እንደዚያ አልልም። ምን እንደምል ዛሬም አላውቅም፤ ምናልባት መጀመሪያ እሰድበው ነበር፣ እናቴን አንስቼ አለቅስበት ነበር፣ ምናልባት አልቅሼ ስጨርስ ብዙነሽ ያለችውን እደግመው ነበር። ምናልባት ደግሞ ተወኝ እስቲ ነበር የምለው፤ እሱ ግን ያንን ሲሰማ እንኳ እኔ መሆኔን ያውቅ ነበር። ባሌ ከአንዲት ኮስታራ ሚስት ጋር ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖሮ፣ በመጨረሻ የተሰናበተው ከሌላ፣ ደግ ከሆነች ሮማን ጋር ነው። ያቺን ሮማን እኔ አላውቃትም።

ኮቴን አነሳሁ። ብዙነሽ ሮላቶሯን እየገፋች እስከ በሩ ተከተለችኝ፣ መተላለፊያው ጠባብ ነው፣ መንኮራኩሩ ጫማዎቹ ላይ እየተሰናከለ። ደረጃውን መውረድ ስጀምር «ሮሚ» አለችኝ፣ «ተቀይመሽኛል?»

«እሱንም አንቺው መልሺልኝ» አልኳት።